ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ሸዋ መግባት፦ ከዕቃው በፊት ወረቀት፣ ከግንባታው በፊት አንድ ጥቅምት

#1 ሰነድ ፈታሽ

ሰላም ለዚህ ቤት። ወደ ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ ይፋትና ምንጃር ጠቅልለው ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ጥያቄ በየሳምንቱ አዲስ ክር እየተከፈተለት ይበተናል። እዚህ እንሰብስበው። ናፍቆቱን ሌላ ክር ላይ አውሩት፤ እዚህ የሚፈለገው ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል፣ የቱ ጋ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ነው።

እኔ ከወረቀቱ ልጀምር። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነር ግን መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የያዛችሁት ፓስፖርት የማን እንደሆነ ይለይ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጥምር ዜግነት የለም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ስላለ ብቻ ኢትዮጵያዊ ሆኖ አይቆይም።

የውጭ ዜግነት የያዘ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ቤትም በስም ያስይዛል። አያስመርጥም፣ ለመመረጥም አያበቃም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አያስቀጥርም። ሁለተኛው መንገድ ዜግነትን ማስመለስ ነው፦ ኑሮን ኢትዮጵያ ውስጥ መመሥረት፣ የውጭውን ዜግነት መተው፣ ከዚያ ማመልከት። ጡረታውና ሕክምናው ውጭ አገር ላይ የተንጠለጠለ ሰው በሁለተኛው መንገድ መጀመሩ በእኔ ግምት ችኮላ ነው። በቢጫ ካርድ ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት ኖሮ መወሰን ይቻላል።

ብዙ ጉዳይ የሚሰናከለው ግን በአዋጅ አይደለም፣ በስም ነው። ውጭ አገር የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የአባት ስም ከፓስፖርቱ ጠፍቶ ይገኛል። የባል ስም የወሰደች ሴት ወረቀት ላይ የአባቷ ልጅ አይደለችም። የልደት ዘመኑም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1962 የተባለው ሳይመነዘር እንደ ፈረንጅ ዓመት ይመዘገብና ሰውየው በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ይመጣል። ይህ አየር ማረፊያ ላይ ላይታይ ይችላል። ውርስ፣ ቤት ወይም የባንክ ሂሳብ ላይ ሲደረስ ግን መዝገብ ቤቱ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ይላል። ከመነሳታችሁ በፊት የድሮውን ፓስፖርት፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን፣ የስም ለውጡን ሰነድና የጋብቻ ወረቀቱን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ የሁለቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል።

#2 ማኅተም በማኅተም

በ#1 ላይ ልጨምር። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (አንድ ማረጋገጫ ብቻ ያለበት ሰነድ በአባል አገሮች ሁሉ እንዲታመን የሚያደርገው) አባል አይደለችም። አፖስቲል የተለጠፈበት የዲግሪ ወይም የጋብቻ ወረቀት ይዞ መምጣት ማለት ግማሽ መንገድ መጥቶ መቆም ነው። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ሰነዱ የወጣበት አገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማኅተሙን ያሳርፋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ከመካከል አንዱ ከተዘለለ ቀጣዩ አይቀበልም፤ እያንዳንዱ የሚያረጋግጠው ከእሱ በፊት ያለውን ማኅተም ብቻ ነውና።

በዚህ ሰንሰለት መምጣት ያለባቸው የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች ትራንስክሪፕት፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀት፣ የልጆች ልደት ምስክር ወረቀትና መንጃ ፈቃድ ናቸው። የዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ለልጆች ደግሞ ትምህርቱ መስከረም ላይ ስለሚጀምር ሰነዱ ግንቦት ላይ እጅ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ነሐሴ ላይ የመጣ ወላጅ ልጁን ያለ ትራንስክሪፕት ለማስመዝገብ ሲለምን ይከርማል።

ፋይዳንም፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያውን፣ እንደ ደረሳችሁ አውጡ። ባንኮች አሁን ቁጥሩን ይጠይቃሉ።

#3 የጣርማበር ጉም

ጥያቄ። ብዙ ሰው ከመምጣቱ በፊት ለወንድም ወይም ለእህት ጠቅላላ ውክልና ልኮ ቤት ያስገዛል፣ የድሮውንም ያሸጣል። ይህ አካሄድ ትክክል ነው?

#4 ውል አዋዋይ

አቶ ጉም፣ ነገሩን ሁለት ላይ እንክፈለው።

መሸጥ፦ ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማደስ የመሳሰለውን። መሸጥና ማስያዝ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «በስሜ ያለውን ሁሉ እንዲያደርግ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ቃሉ ቢያምርም በሩ ላይ ይመለሳል። ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ፦ የትኛው ቤት፣ በየትኛው የካርታ ቁጥር፣ መሸጥ፣ ዋጋ መቀበል፣ ስም ማዛወር። የማትፈልጉትንም ጻፉ፤ «ማስያዝና መለወጥን አይጨምርም» የምትለዋ መስመር ብዙ ቤት አትርፋለች።

ውክልናው ውጭ አገር ከተሰጠ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ተፈርሞ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። ውክልና መሻሩን ለተወካዩ በስልክ መንገር ብቻውን አይበቃም። የሻራችሁበት ጽሑፍ ውክልናው ለተመዘገበበት ቢሮም ይድረስ፤ ካልደረሰ ሰውየው በያዘው ወረቀት ነገም ይፈርማል።

መግዛት፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ሦስት ምስክር የፈረመበት የሠፈር ውል ሰላም እስካለ ድረስ ብቻ ያገለግላል። ብር ከመከፈሉ በፊት ካርታው ያለበት የከተማ መሬት ቢሮ ሄዶ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ ማጣራት፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱንም ፊርማ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ መጠየቅ። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ደግሞ የሊዝ ውሉን ራሱን አንብቡ፦ ያልተከፈለ ዓመታዊ ክፍያና ግንባታ የመጀመሪያና የማጠናቀቂያ ጊዜ አለው። ጊዜው ያለፈበት ባዶ ቦታ የገዛ ሰው የሚገዛው ክርክር ነው።

#5 እንዋሪ

ቤቱ ይሁን፤ ትልቁ ወጥመድ ግን ከከተማ ዳር ያለው የገበሬ መሬት ነው። «አምስት መቶ ካሬ፣ ገበሬው ራሱ ይፈርምልሃል» ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ ማስረጃውም የይዞታ ደብተሩ ነው። በደብተሩ ላይ የእናንተ ስም አይገባም። በላዩ ቤት ከቆመ ጨረቃ ቤት ነው፤ ከተማው ሲሰፋ ካሳው የሚሰላው ለባለ ደብተሩ ነው፣ ቤቱም ይፈርሳል።

በሕግ የሚቻለው መከራየት ወይም በእኩል ማረስ ነው። የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። አባትና እናት የተዉት መሬት ካለም፣ ከምንም በፊት ደብተሩ ዛሬ በማን ስም እንደሆነ ወረዳው ላይ እዩ። እህል እየተላከላችሁ ስለቆየ ብቻ መሬቱ በስማችሁ አለ ማለት አይደለም።

#6 ዋልካ ነቃይ

ቤት ልትሠሩ ላሰባችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ወደው አይደለም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከመገንባታችሁ በፊት አንድ ጥቅምት ተከራይታችሁ ክረሙ። የት ንፋስ እንደሚበረታ፣ የትኛው ሠፈር ውኃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ የሚያሳያችሁ እሱ ነው፤ ደላላው አይደለም።

አፈር፦ ጥቁር አፈር (ዋልካ) ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል። ግድግዳ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ዋልካው ተዝቆ ጠንካራው መሬት ድረስ መውረድ አለበት። ጥልቅ ከሆነ ደግሞ በሴሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ተሞልቶ በ20 ሳንቲሜትር ንብርብር እየረጠበ ይጠቅጠቅ። አንድ ሜትር ሙሉ በአንዴ ደፍቶ ከላይ ብቻ የሚመታ ኮንትራክተር ገንዘባችሁን እየቀበረ ነው። የቤቱ ዙሪያ ውኃ የሚያስወጣ ቦይና ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ይኑረው። ባሕር ዛፍ ከመሠረት አጠገብ አይሁን፤ ሥሩ አፈሩን አድርቆ ያስምጠዋል።

ኮንክሪት፦ ትኩስ ኮንክሪት በመጀመሪያው ሌሊት ከቀዘቀዘ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይሰፋና ጥንካሬው አይመለስም። በውርጭ ወራት ሙሌት ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ 8 ሰዓት ሳይሞላ ይለቅ፣ ማታ በላስቲክና በገለባ ይሸፈን። ውኃ የሚጠጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ማታ አይደለም፤ ቢያንስ ለ7 ቀን። ሙያተኛው «ይፍጠንልን» ብሎ ውኃ ሲያበዛ ዝም አትበሉ፤ የቀጠነ ሙሌት የደከመ ሙሌት ነው።

ሙቀት፦ አካባቢው ከምድር ወገብ 9.7 ዲግሪ ያህል በሰሜን ስለሆነ ቀዝቃዛው ወቅት ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ናት። ሳሎንና መኝታ ቤት መስኮታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያድርጉ፤ ሰሜኑን ለዕቃ ቤትና ለደረጃ ስጡት። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ አይሁን፤ ሌሊት የትንፋሻችሁ እርጥበት ቆርቆሮው ላይ ይጤዝና ንጋት ላይ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። የድንጋይ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ባዶ ብሎኬት ይህን አይችልም። ድንጋይ ደግሞ አገሩ ሙሉ ነው፣ ብሎኬት ለምን እንደሚወደድ አይገባኝም።

ቧንቧ፦ ከውጭ በግድግዳ ላይ የሚሄድ ቧንቧ በውርጭ ይፈነዳል፤ ይቀበር። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያም ጠፍጣፋው ዓይነት ውስጡ ውኃ ስላለ ይሰነጠቃል፤ የብርጭቆ ቱቦ ያለው ይሻላል።

#7 ሰነድ ፈታሽ

እግረ መንገድ፦ ከሰል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። የጋመ ከሰል ጭስ ስለሌለው የተሻለ ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ከውጭ ስትመጡ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በሻንጣ ያዙ። ከምታመጡት ዕቃ ሁሉ ይህ ይቀድማል።

#8 የይፋት ልጅ

ሁሉም ደብረ ብርሃን ደብረ ብርሃን ይላል። ሰሜን ሸዋ እኮ ቆላም አለው! ደብረ ብርሃን ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ልብ፣ ሳንባ ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለበት አዛውንት ሳይዘጋጅ ቢገባ ይቸገራል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የሚመጣ ጤነኛ ሰውም የመጀመሪያውን ሳምንት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይጠብቅ፤ ውኃ ያብዛ፣ አረቄውን ለሁለተኛው ሳምንት ያቆይ።

ሸዋ ሮቢት በተቃራኒው 1,280 ሜትር ላይ ናት፤ ሙቅ ናት፣ ወባ ግን አለ። አጎበር ግድ ነው። ውጭ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ቀድሞ የነበረው የመቋቋም አቅም ስለሚቀንስ «ልጅ ሆኜ ይዞኝ ያውቃል» አይሠራም። አረርቲ በመካከል ናት፤ ለአዛውንት የምትመች ይመስለኛል።

ደግሞም ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራና ባቄላ አልበስል ቢል ምድጃው አልተበላሸም፤ የግፊት ድስት ይዛችሁ ኑ።

#9 ፊውዝ

ወደ ኮንቴይነሩ ደረስን? ከአሜሪካ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ዕቃ አብዛኛው መምጣት የለበትም። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሞተር ያለው ዕቃ፣ ማለትም ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ፣ 17 በመቶ ያህል ዘግይቶ ይዞራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ከተጻፈ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ቮልቱም ኸርዙም ይገጥማል።

ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጋ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። በ2.5 ሽቦ ከሶኬት መስመር ጋር ያገናኘው ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱ ሲቀልጥ አይገኝም።

መኪና፦ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ጥር 2016 ላይ ተነግሯል። የምታስቡት የኤሌክትሪክ ከሆነ ዳገቱን አስሉ። 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ማለት ነው። ሲወርድ ከፊሉን ይመልሳል። ጠዋት በውርጭ የቆመ ባትሪ ደግሞ ከተጻፈለት ርቀት ያነሰ ይሄዳል።

#10 ማኅተም በማኅተም

ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባ የቤት ዕቃ፦ መመሪያው ስለሚለዋወጥ ከሦስት ዓመት በፊት የገባ ሰው የነገራችሁን አትመኑ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ኤምባሲው የተመላሽነት ደብዳቤ ይስጣችሁ፣ የዕቃ ዝርዝሩም በብዛትና በሞዴል ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አንድ ካርቶን ጠቅላላ ኮንቴይነሩን ያስፈትሻል። እስኪፈታ ድረስ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል።

#11 ሒሳብ ያዥ

ገንዘብ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የቀድሞው ስሌት አይሠራም። የቤቱን ዋጋ በብር ተዋውሎ ዶላሩን ቀስ በቀስ መላክ ወይም በተቃራኒው መሆኑ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ውሉ ላይ የክፍያው ቀናት ይጻፉ። የዲያስፖራ ሂሳብ በዶላር፣ በፓውንድ ወይም በዩሮ ይከፈታል። ገንዘቡ ከውጭ ባንክ በስዊፍት ይግባ፣ የገባበት ደረሰኝም ይቀመጥ። ኋላ ቤቱን ሸጣችሁ ልትመለሱ ብትፈልጉ፣ ገንዘቡ ከውጭ የመጣ መሆኑን የሚያሳየው ያ ወረቀት ብቻ ነው። በጥቁር ገበያ የመጣ ብር ታሪክ የለውም፤ ወንጀልም ነው።

ከአሜሪካ ለሚመጡ። የግሪን ካርድ ባለቤት ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ካሰበ ከመውጣቱ በፊት፣ እዚያው ሆኖ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ያም ሆኖ ክፍል ለ (Part B) የተባለውን አቋርጦ ኋላ የሚመለስ ሰው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ጭማሪ ይከፍላል። ዜጋውም ባለ ግሪን ካርዱም ግብር ማሳወቁን ይቀጥላል። በውጭ ያሉት ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ የሂሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ የብር ሂሳብም ይቆጠራል። የአሜሪካውን ባንክ አትዝጉ፣ የስልክ ቁጥሩንም አታጥፉ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው፣ ከዚህ ሆኖ መቀየር መከራ ነው።

ከእንግሊዝ፦ የመንግሥት ጡረታው እዚህም ይከፈላል፣ ግን በየዓመቱ አይጨምርም። ዛሬ የጀመረው መጠን ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ነው። ስታሰሉ ይህን አስቡበት።

#12 የጣርማበር ጉም

ስለ ዓረብ አገር ማንም አላነሳም። የአካባቢው እህቶቻችን የሚበዙት እዚያ ነው።

#13 ውል አዋዋይ

እውነት ነው። እህቴ፣ ከኹሩጅ (ከመውጫ ቪዛው) በፊት ያልተከፈለ ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያ ተቀበይ። ከወጣሽ በኋላ ከዚህ ሆነሽ መጠየቅ እጅግ ይከብዳል። የደመወዝ ማስተላለፊያ ደረሰኞችን ፎቶ አንሥተሽ ለራስሽ ኢሜይል ላኪ፤ ስልክ ይቀማል፣ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ በስምሽ ባለ ሂሳብ ይግባ። ለዓመታት በወንድም ወይም በአባት ሂሳብ የተላከ ገንዘብ በሕግ ፊት የባለ ሂሳቡ ነው የሚመስለው፤ ያለ ጽሑፍ ማስመለስ ሽማግሌ ይፈጃል።

#14 ሙከት

ተመላሽ ሁሉ «በግ አሞክታለሁ» ይላል፤ እንግዲህ ይስማ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። በደንብ ሲያዝ በቀን ከ60 እስከ 90 ግራም ይጨምራል፤ በ90 ቀን ከ5 ተኩል እስከ 8 ኪሎ። ድርቆሽ እንደ ልቡ ሆኖ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ፉርሽካና ፋጉሎ ይበላል፤ በ90 ቀን ከ27 እስከ 36 ኪሎ በአንድ በግ ማለት ነው። የፉርሽካውን ዋጋ በዚህ አባዙና ከመግዣው ጋር ደምሩ። ካላተረፈ ወረቀት ላይ ይቅር።

መኖውን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ መጠን የሰጠ ሰው በሳምንቱ የሞተ በግ ያገኛል፤ ሆዱ እህል አልለመደም። በ100 ግራም ጀምሮ በሁለት ሳምንት ማድረስ ነው። ሲገዙ የጉበት ትል መድኃኒት መስጠትና የበግ ፈንጣጣ ክትባት ማስከተብ፤ ረግረግ ላይ የዋለ በግ ቢበላም አይወፍርም። የቢራ አተላ ርካሽ ነው፣ ግን በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል፤ በየቀኑ ማምጣት የማይችል አይጀምረው።

ጊዜው፦ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ስለማይፈለግ ዋጋ ይወርዳል፤ 55 ቀን አለ። ያኔ ገዝቶ ለፋሲካ ማድረስ ይቻላል፣ ግን 55 ቀን ከ90 ያነሰ ስለሆነ አጥንቱ የወጣ ሳይሆን መካከለኛ በግ ይመረጥ።

#15 የይፋት ልጅ

መንገዱንም ጨምሩ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሱ ሾፌሮችን በዚያው ጠዋት ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። በግ ጭናችሁ ለበዓል ከሁለት ቀን በፊት ልትወጡ ካሰባችሁ ሳምንት አስቀድሙት። በኢንተርኔት ለምትሠሩ ደግሞ በሞባይል ዳታ ብቻ አትመኑ፣ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቤት ተከራዩ።

#16 የጣርማበር ጉም

@ዋልካ ነቃይ፣ አንድ ጥቅምት ተከራይቶ መክረም ብለሃል። በስንት ወር ውል?

#17 ዋልካ ነቃይ

ከመስከረም እስከ የካቲት፣ 6 ወር። ውርጩንም ያሳያል፣ የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት በር ላይም ያደርሳል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ በገባችሁበት ቀን ይመዝገብበት፤ የቀድሞ ተከራይ ዕዳ በእናንተ ላይ እንዳይወድቅ።